ተቀባይ፦ ኮኪት ላይ የሠራነው የዜማ ፕሮግራም

ከስሜ፣ ከኮድና ስለ ኮድ ከላክሁት መልእክት በቀር ጽፌ የማውቀው ነገር የለም። ለዘመድ ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ የምጽፍለት ሰው ሁሉ በእግር ተሄዶ የሚደረስበት ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ጋሼ ሙሉጌታ ግን ከጎንደር በደወሉ ቁጥር «ጻፊው እንጂ፤ የሠራሽውን አንቺ ካልጻፍሽው ማን ይጽፍልሻል?» ይሉኛል። ስልክ ላይ እሺ ማለት ይቀለኛል። እሺ አልኩ፤ ይኸው።

ሥራዬ መተማ ቆላ፣ ኮኪት ውስጥ፣ ከአንድ የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በሊኑክስ ላይ የሚሄድ የሙዚቃ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ክፍሏ አሁን ተዘግታለች። ጋሼ ሙሉጌታ እግራቸው ሲደክም ልጃቸው ጎንደር ወሰደቻቸው፤ እኔ ደግሞ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ላይ ገባሁ። አልከፋኝም። ማሽኑም የራሱ ምት አለው፤ ወንፊቱ ሲላላ ከማንም ቀድሜ እሰማዋለሁ። ኃላፊያችን «ትርንጎ ዝም ብላ ከቆመች ማሽኑ ታሟል ማለት ነው» ይላል።

የተወለድኩት ሽንፋ ነው። ቤተሰቦቼ ከደጋ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ መተማ ዮሐንስ አንድ ዘመዳችን የስልክ ሱቅ ስለነበረው እሱ ጋ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሜሞሪ መሙላት ነበር፤ ሹፌሩ ሜሞሪ ካርዱን ይሰጠኛል፣ የጠየቀውን ዘፈን ከኮምፒውተሩ እገለብጥለታለሁ። ባለ ሱቁ የወደደኝ ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። «ወሬ የማታበዛ ሻጭ ሱቅ አታከስርም» ይል ነበር። እኔ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ የቆላው ሙቀት ብቻ አልነበረም።

ኮምፒውተሩ በየጊዜው ይታመማል። ከሱዳን በኩልም ከጎንደርም የሚመጣው ሜሞሪ ሁሉ የየራሱን ቫይረስ ይዞ ይገባል። ሲብስበት ጋሼ ሙሉጌታ ከኮኪት ይጠራሉ። እሳቸው ድሮ ጎንደር ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ቴፕ ሲቀር ራዲዮ፣ ራዲዮ ሲቀር ኮምፒውተር እያሉ ቆላ ወረዱ። ድንበር ላይ ብዙ ስለኖሩ ሥራ ሲሳካላቸው «ታማም» ይላሉ፤ በዓረብኛ ልክ ነው፣ ሞልቷል ማለት ነው። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ ከሳቸው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም ቆጥበው ነው የሚሰጡ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ጠግነው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ፣ አንዷን ዘፈን ደጋግሜ ከመጀመሪያው ሳስነሳ አዩኝ።

«ምኗ ነው ያልተመቸሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። አልሄድ ሲሉኝ ጊዜ፣ «ከበሮው ዘፋኙን ይቀድመዋል» አልኩ።

ጎንበስ ብለው ሰሙ። ከዚያ ለባለ ሱቁ «ይችን ልጅ ለኔ ስጠኝ» አሉት።

«እሷን ከወሰዱ ቫይረሱንም አብረው ይውሰዱልኛ!» አለ እየሳቀ።

ደመወዜ ስለቀነሰ እናቴ አኮረፈች። እኔ ግን ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሞ «ምን ልታዘዝ?» ማለት ስለቀረልኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

የኮኪቷ ክፍል ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በባዶ ጆንያ ተሸፍኗል። ጆንያው የሰሊጥ ስለነበረ ክፍሏ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ትሸታለች። ቀረጻ ሲጀመር ድምፁ እንዳይገባ ቬንትሌተሩን እናጠፋለን፤ በዚያ ወበቅ ውኃ የነከርነው ጆንያ መስኮቱ ላይ ሰቅለን ነው የምንሠራው። የምንቀዳቸው ሠርግ አድማቂዎች፣ ማሲንቆ ተጫዋቾች፣ የመዝሙር ቡድኖች ነበሩ። ማንም ቢመጣ ጋሼ መጀመሪያ ሁሉንም ዝም አሰኝተው ባዶውን ክፍል ይቀዱ ነበር። «ዝምታውን ካላወቅሽው ድምፁን ከምን ትለይዋለሽ?» ይላሉ። ዝምታ በሚቀዳበት ጊዜ እኔ ከሁሉም ሰው እኩል ነበርኩ።

ሌላው ልማዳቸው ጥሬውን አለመንካት ነው። መጀመሪያ የተቀዳውን እንዳለ ያስቀምጡና ግልባጩን ብቻ ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። «ልብስ ሲሰፋ ይሳሳታል፤ ጣቃው ካለ ግን ሌላ ይሰፋል።» ይህን ነገር ያኔ እንደ ሽማግሌ ጥንቃቄ ነበር የምቆጥረው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ሳይገዛ በተገለበጠ ፕሮግራም ነበር የምንቀዳው። አንድ ቀን የሙሽራ ዘመዶች ክፍሏን ሞልተው እየዘፈኑ መሐል ላይ ፕሮግራሙ «መጀመሪያ ግዙኝ» ብሎ ቀጥ አለ። ሴቶቹ እልልታቸውን በአፋቸው ይዘው ቀሩ። ጋሼ ያን ዕለት «በሰው ቤት በመስኮት እየገቡ መኖር ሰለቸኝ» አሉና በላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጫኑ። ሊኑክስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ነው፤ ኮዱ፣ ማለትም አሠራሩ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውን መልሶ ለሌላው ይለቃል። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ይህንን ነው። ጋሼ በደቦ መስለው አስረዱኝ፤ «ዛሬ የእሱን ማሳ ታርሚያለሽ፣ ነገ ያንቺን ያርማል። ልዩነቱ እዚህኛው ደቦ ላይ ጠላ የሚጠይቅሽ የለም።»

በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ የሙዚቃ ፕሮግራሞች አሉ። አሮጌው ላፕቶፓችን ግን አልቻላቸውም፤ እያፏጨ ይቆማል። ስለዚህ ከነሱ ኮድ የሚሆነንን እየወሰድን የራሳችንን ትንሽ ፕሮግራም ልንሠራ ተነሣን። ስሙን «ተቀባይ» ያሉት ጋሼ ናቸው። በዘፈን አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። የፕሮግራሙም ሥራ የሰውን ዜማ መቀበል ነው አሉ።

እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። የኮድ እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ቃል ነው፣ ደጋግሞ ይመጣል። እንደ ከብት በመልካቸው ለየኋቸው። «ኢፍ» ያለችበት መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ «ፎር» ያለችበት እንደ ወፍጮ ይዞራል። የጻፍነውን ለኮምፒውተሩ ስንሰጠው ስህተታችንን በቀይ ይዘረግፈዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስክሪኑ ሙሉ ቀልቶ ላፕቶፑን የገደልኩት መሰለኝ፤ ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ ጋሼ። «የመጀመሪያዋን ስህተት ብቻ አንብቢ። የቀሩት የሷ ልጆች ናቸው።»

እውነትም የረሳኋትን አንዲት ምልክት ሳስገባ ልጆቿ ሁሉ አብረው ጠፉ። ዛሬም ማሽን ሲበላሽ በዚያው ነው የምሄደው።

ከሁሉ ያስቸገረን መዘግየት ነበር። ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው እንደ ውኃ በትንሽ ዕቃ እየተቀዳ ነው። ዕቃው ከተለቀ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ይደናገራል። ካነሰ ደግሞ ኮምፒውተሩ መቅዳቱ ይደክመውና ድምፁ ምጣድ ላይ እንዳለ ሰሊጥ ይንጣጣል። አንድ ክረምት ሙሉ ያንን ዕቃ ስንለካ አለፈ። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ደንበኛ አልነበረም። መብራት ሲኖር እንሠራለን፣ ሲጠፋ ጋሼ የጻፍኩትን በቃሌ ያስነብቡኛል። ሊነጋጋ ሲል እንደሚጠራ ሰማይ ድምፁ ጥርት ያለ ዕለት «ታማም» አሉ። ውጭ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አያ ደሴ የመጡት በቀጣዩ አጨዳ ነው። ከጎጃም የሚወርድ የአጫጆች ቡድን አውራጅ ነበሩ። እሳቸው ያወርዳሉ፣ አጫጆቹ ይቀበላሉ፣ ማጭዱ በዜማው ይሄዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። የአያ ደሴ ግጥምም ይህንኑ ይላል፦

ሰሊጥና ወሬ፣ አንድ ነው ነገሩ፤
አፉን ከከፈተ፣ አይለቀም ዘሩ።

ወደ ክፍላችን ያመጣቸው ድምፃቸው እየተዘጋ መሄዱ ነው። አቧራውም ነው፣ ዕድሜውም ነው። ወገባቸው ማጭድ ካስጣላቸው ቆይቷል፤ የቀረቻቸው ድምፃቸው ነበረች። ባለ እርሻው «ካላወረዱ ለምን ይመጣሉ?» ብሏቸዋል።

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይወጣልኛል» አሉን፣ ጉሮሯቸውን ይዘው። «እሱን ያዙልኝ። እሱ ያውርድና እኔ ከሰዎቼ ጋር ልዋል።»

በጠዋት ቀዳናቸው። ጥቂት አጫጆች እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው። ስክሪኑ ላይ ዜማውን ስናየው ግን ምቱ እኩል አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ይረዝማል። ተቀባይ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ነበረው፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የመጀመሪያው ትልቅ ነገር እሱ ስለነበረ እኮራበት ነበር። አስተካከልነው። እንደ ሰዓት ሆነ። ጋሼም «ታማም» አሉ።

ስፒከሩንና ባትሪውን በትራክተር ተሳቢ ጭነን እርሻው ድረስ ሄድን። አጫጆቹ መስመር ይዘው ቆሙ። ጫፍ ላይ የቆመው ገበየሁ የሚባል ግራኝ ነው፤ በግራ እጁ ስለሚያጭድ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እንዳይጋጭ ሁልጊዜ ጫፍ ይሰጡታል፣ ሁልጊዜም ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ዜማው ተነሣ። ሁሉም «እሰይ!» ብለው ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ገበየሁ ቀረ። ስፒከሩ ግን አልጠበቀውም። ገበየሁን ሊጠብቅ ከጎኑ ያለው ዘገየ፣ ከዚያ የሱ ጎረቤት፤ ቅብብሉ ተበታተነ፣ መስመሩ እንደ አሮጌ አጥር ተጣመመ። አንድ በአንድ ቀና አሉ። ስፒከሩ ብቻውን ማውረዱን ቀጠለ።

«አያ ደሴ!» አለ ገበየሁ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ሳጥን ውስጥ ሲገቡ እንዴት ጨከኑሳ! ምን በደልኩዎ ጥለውኝ የሚሄዱ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አያ ደሴ አልሳቁም። ወደ ስፒከሩ ቀረብ ብለው እንደማያውቁት ሰው አዩት።

«ድምፁ የኔ ነው» አሉ። «ሰውየው ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም።»

ባለ እርሻው እዚያው ሌላ ወጣት አውራጅ አደረገ። አያ ደሴ አጨዳው ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሊሄዱ ሲሉ ክፍላችን መጥተው ተሰናበቱን እንጂ አልተቆጡንም። ጋሼ «ምቱን ለምን ያስረዝሙት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«እኔ ፈጣኑን አላይም» አሉ። «ዓይኔ ያለው ከዘገየው እጅ ላይ ነው። እሱ ሲደርስ ነው ቀጣዩን የማወርድ።»

ስህተት ብለን ያቃናነው ነገር ሁሉ ለካ ሰው መጠበቅ ነበር። ተቀባይ ብለን ስም አውጥተንለት አለቃ አድርገነዋል። ያን ሰሞን ኮዱን ከፈትኩት። «ላጥፋው» አልኳቸው ጋሼን።

«ያቃናነውን አጥፊው» አሉ። «ጥሬው አለ።»

ጥሬውን ከፍተን በጋውን ሙሉ ሰማነው። ቀስ በቀስ ገባን። አያ ደሴ ሲጠብቁ ቃሉን አያዘገዩትም፤ የቃሉን ጅራት ነው የሚያስረዝሙት። «ነገሩ» ሲሉ «ሩ» ላይ ይቆያሉ፣ «ዘሩ» ሲሉም እንዲሁ። ጭብጨባውም እዚያው ላይ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ፕሮግራሙ ዜማውን በሙሉ መጎተት አያስፈልገውም፤ ጅራቱን ብቻ ይዞ ቢቆይ ይበቃል። ለአሮጌው ላፕቶፕም ሥራው ቀለለው። አንድ ሰው ቁልፉ ላይ ጣቱን አድርጎ የዘገየውን እጅ ያያል፤ እጁ ሲደርስ ቁልፉን ይጫናል፤ ዜማው ያን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ያልፋል።

ማለቱ ቀላል ነው። ድምፁን ስናስረዝመው አያ ደሴ እንደ ፍየል ግልገል ይሉ ጀመር። ድምፅን ሳይለውጥ የሚያስረዝም ኮድ በነጻ የለቀቀ ሰው ስለነበረ ችግራችንን ጽፌ ላክሁለት፤ የጻፍኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ ፊቱን ስለማላይ ግን አላፈርኩም። ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ ሲመለስ መልሱ ደርሶ አገኘሁት። የሰውየውን ስም እስከ ዛሬ ማንበብ አልችልም፤ ያሳየኝን ግን ሠራሁበት። ቀጥሎ ደግሞ የተቆረጠው ቦታ ሁሉ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር። አንዱን ድምፅ እያደበዘዝን ሌላውን እያጎላን አገጣጠምነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ «ክሩ ይታያል» ይላሉ፣ እኔ እንደገና እፈታለሁ። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን «ክሩ ይታያል» ሳይሉ ሰምተው ጨረሱ። «ታማም» አላሉም። «እሱን የሚለው ሜዳው ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልጨርሰው። ተቀባይን ከነኮዱ ለማንም ክፍት አድርገን ለቀቅነው። ጅራት የሚያስረዝመውን ክፍል ሌሎች ወስደው አሻሽለውታል፤ አንዷ ሕፃናትን መዝሙር የምታስተምር መሆኗን ጽፋልኛለች፣ የዘገየውን ልጅ ትጠብቅበታለች። እኛም በሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ክፍሏ እስክትዘጋ ድረስ ሠራን። ላፕቶፑን ግን አያ ደሴ በቀጣዩ አጨዳ ተመልሰው ተቀባይን ሜዳ ላይ በሞከርንበት ጠዋት ጋሼ ለእሳቸው ሰጥተዋቸው ነበር። ቡድኑ በዚያው ቀን ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ ገለጉ መስመር ወዳለው የባለ እርሻው ሌላ ማሳ አለፈ፤ በትራክተር ባትሪ ቻርጅ እያደረጉ አጨዳው እስኪያልቅ ሲያወርዱ እንደከረሙ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ወደ ቆላ አልወረዱም፣ አላየኋቸውም። ስለዚህ ያን ጠዋት ወደ መጨረሻ አስቀረሁት።

አያ ደሴ በትር ይዘው፣ ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ነበር የመጡት። ባለ እርሻው «አንድ ጠዋት ልያችሁ» አለን፤ ካልሆነ እንዲመለሱ ነው። ላፕቶፑን ማሳው ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥን። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሰው በጣቴ ሊሄድ ነው። ዓይኔን የገበየሁ ግራ እጅ ላይ ተከልኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ወረደ። «ሩ» ላይ ድምፁ ቆመ፣ ተንሳፈፈ፤ ገበየሁ ደረሰ፤ ተጫንኩ። ማጭዱ ሁሉ አንድ ላይ ገባ።

«ኧረ አያ ደሴ ከሳጥኑ ወጡ!» ብሎ ጮኸ ገበየሁ ቀና ሳይል። «እንኳን ደህና መጡ! እኔ እንደሁ ያው ነኝ፣ አልፈጠንኩም!»

መስመሩ እየሳቀ ሄደ። ነዶው ከኋላቸው ቆመ። ባለ እርሻው ጥቂት አይቶ ወደ ትራክተሩ ተመለሰ፤ አያ ደሴ ይቆዩ ማለቱ ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። «ታማም» ሲሉ ከሩቅ የአፋቸውን ቅርጽ አየሁ።

አያ ደሴ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ጣቴን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው አነሡና በቦታው የራሳቸውን አሳረፉ። የመጀመሪያውን ጅራት ከኔ ይልቅ ትንሽ አቆዩት፤ ገበየሁ ላቡን ሊጠርግ ቀና ማለቱን እኔ አላየሁም ነበር። በገዛ ድምፃቸው እንደገና ማውረድ ጀመሩ።

ሥራ ፈትቼ ተነሣሁ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ይዤ ማሳው ዳር ቆምኩ። ነዶ ላይ የተጣለ አንድ ትርፍ ማጭድ ነበር። ሳየው አዩኝ መሰለኝ።

«አንች ልጅ» አሉኝ በዚያ ሹክሹክታቸው፣ ዓይናቸውን ከመስመሩ ሳያነሱ። «ያን ማጭድ አንሽና ግቢ። አትፍሪ፤ እጠብቅሻለሁ።»